እየተጎተተ ሄዶ የሚሰፋ ቤት፤ አሠራሩና ለሠፈራ ሥራ ያለው ጥቅም



ድርቅ ወይም ጎርፍ ሕዝብን ከቀዬው ባፈናቀለ ቁጥር፣ ከእህልና ከውሃ ቀጥሎ የሚነሣው የመጠለያ ጥያቄ ነው። ድንኳን ቶሎ ይደርሳል፤ ነገር ግን ቶሎ ያረጃል። የድንጋይ ቤት ይጸናል፤ ነገር ግን እስኪሠራ ድረስ ክረምቱ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል ተብሎ በየጊዜው የሚቀርብ አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም በመኪና እየተጎተተ የሚጓዝና ከቦታው ሲደርስ ጎኑ ተዘርግቶ የሚሰፋ ቤት ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ እንዲህ ያለው ቤት በምን እንደሚቆም፣ በምን እንደሚጎዳና ለየትኛው ተግባር እንደሚበጅ ማስረዳት ነው።

የሐሳቡ መነሻ

ይህን ቤት የወለደው የመንገድ ወርድ ነው። በአሜሪካ እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ በአውራ ጎዳና ላይ የሚጎተት ቤት ወርዱ በአብዛኛው ከ8 ጫማ፣ ማለትም ከ2.44 ሜትር፣ አይበልጥም ነበር። በዚህ ወርድ ውስጥ አልጋ ከተዘረጋ የሚተርፈው መተላለፊያ ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ በመንገድ ላይ ጠባብ፣ በማረፊያው ላይ ግን ሰፊ የሚሆን ቤት መፈለግ ጀመሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ለሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሆኑ ቤቶችን በየክፍሉ አሠርቶ፣ በካሚዮን አጓጉዞ፣ ከቦታው ላይ ያስገጥም ነበር። በኋላም 10 ጫማ ወርድ ያላቸው ቤቶች ሲፈቀዱና በሁለት ግማሽ ተሠርተው የሚጋጠሙት ሲስፋፉ፣ ተጎታቹ ቤት ከመንገደኛ ማደሪያነት ወደ ቋሚ መኖሪያነት ተሸጋገረ።

ሦስቱ የአሠራር ዓይነቶች

የሚሰፉ ተጎታች ቤቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው እንደ መሳቢያ የሚወጣው ነው። ከትልቁ ሣጥን ውስጥ አነስ ያለ ሣጥን በሮለር ላይ ተንሸራቶ ወደ ጎን ይወጣል። ለመክፈት ቀላል ነው፤ ነገር ግን በጉዞ ጊዜ የገባው ሣጥን የቤቱን ሆድ ስለሚሞላ የሚጨምረው ስፋት ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ታጣፊው ነው። የጎን ወለል፣ ጣሪያና ግድግዳ በማጠፊያ ተያይዘው በጉዞ ጊዜ በተጎታቹ ጎን ላይ ተደርበው ይቆማሉ፤ ሲደርስ ይዘረጋሉ። የሚታጠፈው ወለል ከተጎታቹ ቁመት ሊረዝም ስለማይችል የስፋቱ ወሰን በዚህ ይታወቃል። 2.4 ሜትር ወርድና 2.2 ሜትር ቁመት ያለው ተጎታች በሁለቱም ጎን ሲዘረጋ ወርዱ 6.8 ሜትር ያህል ይደርሳል።

ሦስተኛው በሁለት ግማሽ ተሠርቶ፣ እያንዳንዱ ግማሽ በየራሱ ጎማ ተጎትቶ ከቦታው ላይ በብሎን የሚታሠረው ነው። ከሦስቱ ይበልጥ ቤት የሚመስለው ይህ ነው፤ ሆኖም ሁለት ጎታች መኪና፣ የተስተካከለ መሬትና የሠለጠነ ሠራተኛ ይጠይቃል።

ኃይል የሚያርፍበት ቦታ

የተዘጋ ሣጥን ጠንካራ የሚሆነው ፊቶቹ ሁሉ እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ ነው። የተጎታች ቤት ጎንም ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ እንደ ረጅም አግዳሚ ሆኖ ሻሲውን ያግዛል። ጎኑ ለመስፋፊያ ሲከፈት ይህ እርዳታ ይቋረጣል። ሸክሙም ከክፈፉ በላይ ወዳለው አግዳሚና ከታች ወዳለው ሻሲ ይዛወራል። ስለዚህ በተከፈተው ጎን ዙሪያ ጠንካራ የብረት ክፈፍ ማኖር ግድ ነው። ክፈፉ ከደከመ ቤቱ በመጀመሪያው ኮረኮንች ይጠመዘዛል፤ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ማጠፊያውም ከቦታው ይወጣል።

የተዘረጋው ወለል ደግሞ እግር ያስፈልገዋል። እኩል ጭነት ተሸክሞ ያለ እግር ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ወለል ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን፣ ከሥሩ ላይ የሚያርፈው የማጉበጥ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። እግር ሲተከልለት ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ኮትቻ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። የመካከሉ ክፍል በአንድ መጠን፣ የጎኑ እግር በሌላ መጠን ከፍና ዝቅ ሲል የሁለቱ መጋጠሚያ ይላቀቃል። በመሆኑም እያንዳንዱ እግር በሰፊ መደብ ላይ ማረፍ፣ በክሪክ ወይም በሚሽከረከር ብሎን የሚስተካከል መሆንና በየወቅቱ በውሃ ልክ መታየት አለበት።

መጋጠሚያው የውሃም በር ነው። ሣር ክዳን ከታች ወደ ላይ የሚከደነው የላይኛው የታችኛውን እንዲለብስ መሆኑን ማንኛውም ገበሬ ያውቃል። የሚሰፋ ቤትም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። የመካከሉ ጣሪያ የጎኑን ጣሪያ፣ የጎኑ ጣሪያም ግድግዳውን መልበስ ይኖርበታል። የጎማ ማሸጊያ በፀሐይ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ ረዳት እንጂ ዋና መከላከያ ሊሆን አይገባውም።

ክብደትን ለመቀነስ ግድግዳውና ወለሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ስስ ገበታዎችና በመካከላቸው ከሚሞላ ቀላል ፎም ይሠራሉ። በሁለቱ ገበታዎች መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ላለመጉበጥ ያላቸው ብርታት አራት እጥፍ ያህል ይጨምራል። ሆኖም ገበታው ከፎሙ ከተላቀቀ ብርታቱ ይጠፋል፤ የተላቀቀውንም በመዶሻና በምስማር መመለስ አይቻልም።

ሲቆም ነፋስ፣ ሲሄድ መንገድ

ስፋት በነፃ አይገኝም። ለምሳሌ 2.4 ሜትር ወርድ፣ 6 ሜትር ርዝመትና 2,000 ኪሎ ግራም ክብደት ያለው ተጎታች ቢወሰድ፣ ሲዘጋ በየካሬ ሜትሩ 139 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት አለው። ወርዱ ወደ 4.8 ሜትር ሲሰፋ ክብደቱ ያው ስለሆነ በየካሬ ሜትሩ 69 ኪሎ ግራም ብቻ ይደርሰዋል። በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በካሬ ሜትር 56 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት አለው። ጣሪያውን ወደ ላይ የሚስበው ኃይል ከዚህ ጋር እኩል ቢሆን፣ የተዘጋውን ጣሪያ የሚያነሣው ኃይል 800 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ የተዘረጋው ግን 1,600 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ስለዚህ የተዘረጋ ቤት በክብደቱ ተማምኖ መቀመጥ አይችልም፤ በብረት ገመድ ከመሬት ጋር መታሠር አለበት።

በጉዞም ጊዜ ሚዛን ወሳኝ ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ጎማዎቹ ከመካከል ትንሽ ወደ ኋላ ይደረጋሉ። ይህ ከጎደለ ተጎታቹ ከኋላ እየተወዛወዘ ጎታቹን መኪና ከመንገድ ያወጣል። የታጠፉት ክፍሎች በአንድ ጎን ብቻ ከሆኑ ደግሞ ሚዛኑ ወደዚያው ያጋድላል።

ከአደጋዎች የተገኘ ትምህርት

በአሜሪካ የእነዚህ ቤቶች አሠራር በአንድ አገር አቀፍ ደንብ ሥር የገባው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1976 ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ በደቡብ ፍሎሪዳ በእነዚህ ቤቶች ላይ ታላቅ ጥፋት ካደረሰ በኋላ፣ ስለ ነፋስ መቋቋም የተደነገገው ክፍል በ1994 እንዲጠብቅ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሲደርስ መንግሥት ከ1 መቶ ሺህ በላይ ተጎታችና ተንቀሳቃሽ ቤቶች አቀረበ። ከእነርሱ መካከል በሺህ የሚቆጠሩት ጎርፍ በሚያጠቃው መሬት ላይ እንዳይቀመጡ ደንብ ስለከለከለ በአርካንሶ ክፍለ ግዛት በሆፕ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ያለ ሥራ ቆመው ታዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ በሆነ ምርመራም በ519 ቤቶች አየር ውስጥ ከእንጨት ገበታዎቹ ማጣበቂያ የሚወጣው ፎርማልዴሃይድ የተባለው ጋዝ ከተለመደው በላይ ሆኖ ተገኘ። ቤቱ ነበር፤ የሚያርፍበት መሬትና የሚተነፈሰው አየር ግን አስቀድሞ አልታሰበበትም።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የእስራኤል ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ በአውሮፕላን ከተወሰዱ በኋላ፣ ብዙ ቤተሰቦች ካራቫን በሚባሉ ተጓጓዥ ቤቶች ሠፈሩ። ጊዜያዊ ተብለው በተመሠረቱት በእነዚህ ሠፈሮች ውስጥ ለዓመታት የቆዩ አሉ። በዚህ ረገድ የታየው ጉድለት የብረት ወይም የብሎን አይደለም። ቤቱ ለአጭር ጊዜ ታቀደ፤ ሕይወቱ ግን ረዘመ።

ለሠፈራ ሥራ የሚበጀው

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መመዘኛ ቀላል ነው፤ ቤቱ ስንት ጊዜ ይጓዛል ተብሎ ይጠየቅ። ማጠፊያ፣ ሮለር፣ አክስልና ጎማ ዋጋቸውን የሚከፍሉት በተደጋጋሚ ጉዞ ነው። ከአንዱ መጠለያ ወደ ሌላው በየወራቱ ለሚዛወር ክሊኒክ፣ የመመዝገቢያ ቢሮ ወይም የሠራተኞች ማደሪያ የሚሰፋው ተጎታች ተገቢ ነው። ጠባቂና ጠጋኝ ስላለው ማጠፊያው ይቀባል፤ እግሩ ይስተካከላል፤ ገመዱ ይጠብቃል።

ሠፋሪው ገበሬ ግን የሚጓዘው አንድ ጊዜ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከሰሜንና ከመካከለኛው ኢትዮጵያ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ለተጓጓዙት በመቶ ሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች መጠለያ የሆነው ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ጎጆ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሠፋሪ ጎማ ያለው ቤት ቢሰጠው፣ ጎማው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የማያገለግል ወጪ ነው፤ ማጠፊያው ሲሰበርም የመንደሩ ቀጥቃጭ አይጠግነውም። ለእርሱ ሊወሰድለት የሚገባው ከተጎታቹ መስፋቱ እንጂ ጎማው አይደለም። ይኸውም በአንድ ካሚዮን የሚደርስ ጽኑ ጣሪያ፣ ጥሩ መሠረትና ጠንካራ ማዕዘን ያለው አንድ ክፍል ሆኖ፣ ቤተሰቡ በሚያውቀው እንጨትና ጭቃ በየዓመቱ እየቀጠለ የሚያሰፋው ቤት ነው። የሚቀጠልበት ጎን ከመጀመሪያው ተለይቶ ይታወቅ፤ አግዳሚው በዚያ በኩል ይጠንክር፤ የጣሪያውም ክንፍ የሚመጣውን ጣሪያ እንዲለብስ ተትረፍርፎ ይውጣ።

የመጠለያ ጥናት ሲቀርብ የቤቱ ዋጋና ብዛት ብቻ እየታየ ውሳኔ የሚሰጥ ከሆነ፣ ስህተቱ የሚታወቀው ክረምት ሲገባ ነው። ከግዢው በፊት መሬቱ ይታይ፤ ነፋሱ ይለካ፤ የሚጠግነው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ። ቤት በአንድ ቀን ሊጎተት ይችላል፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።