የቆየ ዜማና የጎደለ ድምፅ
(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፥ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሒሳብ በማስተማር ስለ ሆነ፥ ስለ ሒሳብ ይናገራል ብለው የጠበቁ ወዳጆች እንዳሉ ዐውቃለሁ። እኔ ግን መምህር ከመሆኔ አስቀድሞ የትምህርት ቤት ጡሩምባ ነፊ ነበርሁ። ከሽምግልናም ደጃፍ ከደረስሁ በኋላ ጡሩምባውን እንደ ገና አንሥቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው፥ የቀድሞ ተማሪዎችና የቀድሞ የሙዚቃ ጓድ ሰዎች ተሰብስበው በከበሮና በጡሩምባ የቆየውን ዜማ ስለሚጫወቱበት ነገር ነው። ነገሩ ለጨዋታ ያህል የተነሣ ቢመስልም የእኛን ሥራ በቀጥታ የሚነካ መሆኑን ወደ ፍጻሜው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከበሮና መለከት በአንድነት ማሰማት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ነጋሪት የመንግሥት ቃል ነበረ። ዐዋጅ የሚነገረው፥ ዘመቻ የሚጠራው፥ ሹም የሚሾመው በነጋሪት ድምፅ ነበረ፤ መኰንኑ የሚያስመታው የነጋሪት ቍጥርም የማዕረጉ ምልክት ነበረ። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ መሰየሙ ከዚሁ የመጣ ነው።

ከነጋሪቱ ጋራ መለከትና እምቢልታ ይሰማ ነበር። የእምቢልታን አሠራር ልብ ብላችሁ ታውቁ እንደ ሆነ፥ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ አንዱ እምቢልታ የሚያሰማው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ሦስት ሰዎች የየራሳቸውን ይዘው አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ሲነፉ ግን ሙሉ ዜማ ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ የቀረ እንደ ሆነ ዜማው ቀዳዳ ያወጣል፤ የቀሩት ሁለቱ ምንም ቢተጉ ያን ቀዳዳ ሊደፍኑት አይችሉም። ለዛሬው ነገሬ መሠረት የሚሆነው ይህ ነውና እንዳትዘነጉት እለምናለሁ።

የዘመናዊው የነሐስ ሙዚቃ ታሪክ ለብዙዎቻችሁ የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከ1888ቱ የዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ኒቆላዎስ የነሐስ መሣሪያዎች ለዳግማዊ ምኒልክ ላኩ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያዩዋቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ከዚያ ወዲያ የክብር ዘበኛው፥ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ የሙዚቃ ጓዶች ተደራጁ፤ ትምህርት ቤቶችም ከበሮና ጡሩምባ ይዘው በበዓል ቀን በሰልፍ ያልፉ ጀመር። እኔም ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁ።

በውጭ አገርም ከእኛ ጋራ የሚነጻጸር ነገር አለ። በአሜሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በየማኅበራቸው የከበሮና የጡሩምባ ጓድ አቋቋሙ፤ ልጆቻቸውም ያንኑ ተቀብለው ትልቅ ውድድር አደረጉት። በወጣቶቹ ውድድር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2000 ጀምሮ በማናቸውም ቅኝት የተሠራ የነሐስ መሣሪያ ተፈቀደ። ከቀድሞ አባሎች ጓዶች ብዙዎቹ ግን የጥንቱን ጡሩምባ አንተውም ብለው፥ በወጣትነታቸው የተጫወቱትን ዜማ ፀጕራቸው ከሸበተ በኋላ እየተሰበሰቡ ይጫወታሉ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ እኛም በችግር ቀን ይህንኑ አድርገን ነበርና።

እንግዲህ ወደ ገዳሪፍ እወስዳችኋለሁ። በምዕራብ ድንበራችን፥ ጓንግ አትባራ ተብሎ፥ ተከዜም ሰቲት ተብሎ በሚወርዱበት በረሃ መካከል ፋሽጋ የሚባል ለም ምድር አለ። ሰሊጥና ማሽላ ይበቅልበታል፤ በአረምና በአጨዳ ጊዜም ከጎንደር ወገን ብዙ ሠራተኛ ይወርድበታል። ስለ ድንበሩ ክርክር ለመናገር አልተነሣሁም፤ እርሱ የሌሎች ሥራ ነው። እኔ የማነሣው ያ ምድር የሰማውን ድምፅ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በወደቁበት በመተማ ጦርነት፥ በእኛ በኩል ነጋሪት ሲጎሰም በደርቡሾች በኩል ደግሞ ናሐስ የሚሉት የመዳብ ከበሮ ይመታ ነበር። ሁለቱ ከበሮዎች በመልክም በሥራም ወንድማማች ናቸው። ከዚያ ስፍራ በስተ ደቡብ በሚገኘው በኦሜድላ በኩል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ወደ አገራቸው ገቡ። በዚያው ዘመን በገዳሪፍ ከተማ የሱዳን መከላከያ ጦር ክፍል የሆነው የምሥራቅ ዐረብ ጓድ ሠፍሮ ነበር።

እኔ ወደ ገዳሪፍ የገባሁት ከብዙ ወገኖቼ ጋራ በስደት ነው፤ ጊዜው ሰባዎቹ ዓመታት ነበሩ። ከከተማው አጠገብ በተዋዋ ሠፈር የስደተኛ ልጆች እናስተምር ነበር። ጥቍር ሰሌዳችን የተቀባ ሣንቃ፥ ወንበራችን ድንጋይ ነበረ። አንድ ቀን ማታ በጎረቤት ግቢ አንድ ሰው በጣቱ ባዶ የዘይት በርሜል ሲመታ ሰማሁ። ምቱ በልጅነቴ ለሰልፍ የተራመድሁበት ምት ነበረ። ተነሥቼ ሄድሁ። ሰውዬው ቀድሞ በፖሊስ የሙዚቃ ጓድ ትልቁን ከበሮ ይመቱ የነበሩ ሽማግሌ ሆነው ተገኙ። «ጋሼ፥ ይህን ከየት ያውቁታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «አንተ ከየት ታውቀዋለህ?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ጓዳችን የተመሠረተው በዚያች ሌሊት ነው።

ጥቂት በጥቂት አምስት ሆንን። አንደኛው በትምህርት ቤት ኮርኔት የተማረ ነው፤ ከካርቱም አሮጌ ኮርኔት ገዝቶ አመጣ። ሌላው ትንሹን ከበሮ ያዘ። አምስተኛው ሱዳናዊ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በመከላከያው ጦር ጡሩምባ የነፉ ሐጂ ናቸው። የእኔ ጡሩምባ የእርሳቸው ነበረች፤ በአንድ ጎኗ የተጨረመተች ብትሆንም ድምፅዋ ጥሩ ነበረ። እኔ በልጅነቴ የተማርሁትን የማለዳ ጥሪ ስነፋላቸው ሐጂ ሳቁ፤ እርሳቸውም ያንኑ ነፉልኝ። ነገሩ የሚያስደንቅ አልነበረም። ከነጻነት በኋላ ሠራዊታችንን እንግሊዞች ሲያሠለጥኑ፥ የእርሳቸውንም ጦር ያቋቋሙት እንግሊዞች ነበሩ። ደግሞም ቫልቭ የሌላት ጡሩምባ ለጥሪ የምታገለግልባቸው ድምፆች አምስት ብቻ ናቸው፤ በአምስት ድምፅ የተሠራ ነገር ድንበር ለመሻገር ብዙ ጓዝ አያስፈልገውም።

ችግሩ የመጣው ምን እንጫወት በተባለ ጊዜ ነው። የትምህርት ዓመቱ መዝጊያ ቀርቦ ነበርና ለልጆቹ ዜማ እናሰማ ተባለ። የሰልፍ ዜማዎቹን ሁላችን ተስማማንባቸው። ኮርኔት ነፊው ግን፥ «የዘውዱን መዝሙር ካልተጫወትን ምን ተጫወትን ይባላል? እኔ የተማርሁት ከሁሉ በፊት እርሱን ነው» አለ። ትንሹን ከበሮ የያዘው ሰው ምቱን አቆመ። «ያ መዝሙር ሲነፋ አባቴ እስር ቤት ነበረ። እርሱ ከተነሣ እኔ የለሁበትም» አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበረ። አንዱ ልጅነቱን፥ ሌላው አባቱን ይጠብቅ ነበርና።

ያን ጊዜ የፈረድነው፥ ጓዱ እንዳይፈርስ መዝሙሩ ይቅር ብለን ነው። ዛሬ ግን ፍርዳችን ሙሉ እንዳልነበረ ይሰማኛል። ለልጆቹ፥ «ይህ ከ1967 ዓ.ም. በፊት የነበረው መዝሙር ነው፤ ደራሲዎቹ እነዚህ ናቸው፤ አንዳንዱ ሲሰማው ያለቅሳል፥ አንዳንዱም ይቈጣል፥ ምክንያቱም ይህና ይህ ነው» ብለን ቁጭ ብለው እንዲሰሙት ማድረግ ይገባን ነበር። አስነሥቶ ማስዘመር ሌላ ነው፥ አስቀምጦ ማስተማር ሌላ ነው። የቆየን ዜማ መጫወት የቆየን መንግሥት መመኘት አይደለም። ነገር ግን ይህን ልዩነት ለይቶ የሚናገር መምህር ከሌለ አድማጩ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ከዚያ የሚብሰው ጉድለት ግን ገና ይመጣ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ወባ ተነሣ፤ ትልቁን ከበሮ የሚመቱት ሽማግሌም ከበዓሉ አሥር ቀን ቀደም ብለው ዐረፉ። በጓዱ ውስጥ የእርሳቸውን ምት በሙሉ የሚያውቅ አልነበረም። በኖታ አልጻፍነውም፤ «ሽማግሌው ያውቁታል» እያልን ብቻ እንኖር ነበር። እኔ መምህር ሆኜ ይህን ስሕተት መሥራቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ለተማሪዎቼ በየቀኑ «ጻፉ» እያልሁ፥ በራሴ ደብተር ግን አንድ መስመር እንኳ አላኖርሁም።

በበዓሉ ቀን አራት ሆነን ተሰለፍን። ትልቁ ከበሮ በሚገባበት ስፍራ ሁሉ ዝም እያልን ለማለፍ ተስማማን። የመጀመሪያው ዜማ እንዲሁ ቀዳዳ እያወጣ አለፈ። በሁለተኛው ላይ፥ ማታ ማታ በአጥር ሲያዳምጥ የኖረ የአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ልጅ ከተማሪዎቹ መካከል ተነሥቶ በርሜሉን ይመታ ጀመር። ማንም አላዘዘውም። ሁለት ስፍራ ላይ ሳተ፤ የቀረው ሁሉ ትክክል ነበረ። ሐጂ ጡሩምባቸውን ከአፋቸው አንሥተው አዩት፤ ከዚያም ቀጠሉ። በዓሉ ሲፈጸም ልጁን ጠርቼ ምቱን በአፉ እንዲነግረኝ አድርጌ ጻፍሁት። ያ ወረቀት ዛሬም ከእኔ ዘንድ አለ።

ክቡራን መምህራን፤

ከዚህ የተማርሁትን ሦስት ነገር ልንገራችሁና ልፈጽም። እያንዳንዳችሁ በምታስተምሩበት ከተማ በትምህርት ቤት፥ በፖሊስ ወይም በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ያገለገሉ ሽማግሌዎች አይጠፉምና፥ ነገሩ ለሥራ እንጂ ለወሬ ብቻ የተነገረ አይደለም።

አንደኛው፥ ሳይዘገይ መጻፍ ነው። የዋናውን ዜማ ሁሉም ያስታውሰዋል፤ የሚጠፋው የሁለተኛው ጡሩምባና የከበሮው ድርሻ ነው። ስለዚህ ሽማግሌውን «ዜማውን ንገሩኝ» ሳይሆን «የእርስዎ ድርሻ የትኛው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው፥ ለዕድሜ የሚገባውን ማድረግ ነው። የሥልሳ ዓመት ሰው ከንፈርና ሳንባ የሃያ ዓመት አይደለም። ከፍተኛውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ፥ ፍጥነቱንም ቀነስ አድርጎ መጫወት ዜማውን ማበላሸት አይባልም። ምቱን መለወጥ ግን ዜማውን መለወጥ ነው፤ በሰልፍ ሙዚቃ እግር የሚታዘዘው ለምት ነውና።

ሦስተኛውና ዋናው፥ ከእያንዳንዱ ሽማግሌ አጠገብ አንድ ተማሪ ማቆም ነው። የቀድሞ ተማሪዎች ጓድ እርስ በርሱ ለመደሰት ብቻ የተሰበሰበ እንደ ሆነ በየዓመቱ አንድ አንድ ድምፅ እየጎደለበት ይሄዳል፤ እንደ እምቢልታው ሁሉ የቀሩት ሊሞሉለት አይችሉም። የጓዱ መልካምነት የሚመዘነው ጥንት የነፋውን አሳምሮ በመንፋቱ ብቻ ሳይሆን፥ አንዱ በጎደለ ቀን ከአጥሩ ወዲያ የሚገባለት ልጅ በማዘጋጀቱ ነው።

ከእኛ ጊዜ ወዲህም በገዳሪፍ ምድር ስደት አላቆመም። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኡም ራኩባ ጣቢያ ብዙ ሺሕ ወገኖቻችን ተጠለሉ፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሱዳናውያን ራሳቸው ከጦርነት ሸሽተው ወደዚያው ከተማ ገቡ። በዚያም ስፍራ የጎደለ ድርሻ በልቡ ይዞ ባዶ በርሜል የሚመታ ሽማግሌ ይኖር ይሆናል። የእኛ የመምህራን ድርሻ፥ ሰምተን ተነሥተን መሄድ፥ መጠየቅና መጻፍ ነው።