እንሽላሊት ምን ትላለች?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የፎገራ እረኛ የላሙን መታመም ለማወቅ ሐኪም አይጠብቅም። ጆሮዋ ሲወድቅ፥ ማመስኳቷን ስትተው፥ ከመንጋው ስትለይ አይቶ ይረዳል። በጉማራና በርብ ወንዞች በሚጠጣው ሜዳ ላይ ላም የኑሮ መሠረት ናትና ጠባይዋን ማጥናት ግድ ሆኗል። በወረታ የድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው እንሽላሊት ግን የልጆች ድንጋይ ዒላማ ናት። ከእኛም መካከል በካርቶን ዘግቶ የሚያኖራት አለ፤ ዝም ስላለች የተመቻት ይመስለዋል። የዛሬው ነገሬ ይህ ዝምታ ንግግር መሆኑን ለማስረዳት ነው።

አስቀድመን የእንሽላሊትን ዘመድ እስስትን እንመልከት። ስሟ ለወላዋይ ሰው ስድብ ሆኗል። ነገር ግን በ2007 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2015) የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ የማዳጋስካር እስስት ላይ ምስጢሩን ገለጹ። በቆዳው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ወንዱ ሲረጋ ይቀራረባሉ፥ ሲቆጣ ይራራቃሉ፤ ቀለሙም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይለወጣል። እንግዲህ ለውጡ ማታለል ሳይሆን ስሜትን መግለጽ ነው።

እስስት በማለዳ ብትጠቁር ሙቀት ለመሳብ ነው። ሞቋት ሳለ፥ ሰው ሲይዛት ብትጠቁር፥ ሰውነቷን ጠፍጣፋ ብታደርግ፥ አፏን ከፍታ «እስስ» ብትል ግን ፈርታለች። ቀኑን ዓይኗን ጨፍና ከዋለች ታማለች፤ ዓይኗ ከጎደጎደ ውሃ ተጠምታለች።

ወንዱ እንሽላሊት ራሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ «ስፍራው የእኔ ነው» ማለቱ ነው። በሣጥን ያለች እንሽላሊት ግድግዳውን ያለ ዕረፍት ብትቧጥጥ፥ ምግብ ብትተው፥ አፏን ከፍታ ብታለከልክ ተጨንቃለች። ብዙዎቹ ዓይነቶች የመጨረሻው ፍርሃት ሲመጣ ጅራታቸውን ጥለው ያመልጣሉ። ጅራቱ መልሶ ይበቅላል፤ ይሁንና ስብ የሚከማችበት ጎተራ ነውና ስንቋን ከፍላ ያመለጠች ናት። በጣና ዳር ያለው አርጃኖም አንገቱን ነፍቶ ጅራቱን እንደ አለንጋ ሲያዘጋጅ «ራቅ» ይላል፤ የሰማ አይመታም።

እነዚህ ፍጥረቶች እንደ እኛ የሰውነታቸውን ሙቀት ከውስጥ አያመነጩም፤ ከፀሐይ ወደ ጥላ እየተዘዋወሩ ያስተካክሉታል እንጂ። ካርቶን ይህን ምርጫ ይነሣቸዋል። ስለዚህ ለማጥናት የፈለገ ካቡ አጠገብ ተቀምጦ ይመልከት። የያዘም ቢኖር ፀሐይና ጥላ፥ መሸሸጊያና ውሃ ይስጣት፤ ከላይ የተናገርኋቸውን ምልክቶች ሲያይ ወዳገኛት ስፍራ ይመልሳት።

እረኛው ላሙን የሚያነበው ስለምትጠቅመው ነው። እኛ የተማርነው ግን ወተት የማትሰጠንንም ማንበብ ይገባናል።