እናትን በሕይወት ሳለች እናክብር
በማኅበራችን የእናቶች ቀን ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ ስጦታ እንድንናገር ስንጠየቅ ከራሳችን ስሕተት ብንጀምር ይሻላል ብለን ተስማማን። አምና ለፋሲካ ለአንዷ እህታችን እናት አዋጥተን የሀበሻ ቀሚስ ገዛን። እኚህ እናት ብዙዎቻችን ስንወልድ ገንፎ አገንፍተው ያረሱን ናቸው። ቀሚሱን ጭናቸው ላይ ስናስቀምጥላቸው በእጃቸው ዳሰሱት፤ መረቁን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጥለቱ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አሉን። ጥለቱ ደማቅ ቀይ ነበር።

ሁላችንም ዝም አልን። ምስር መልቀም የተዉት ደክሟቸው፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የቀነሱት እግራቸውን አሟቸው መስሎን ነበር። ለካ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ኖሯል። ልጃቸው «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» ብትላቸው «አንቺስ ልጆች ታሳድጊ የለም ወይ? በምን አንጀቴ ላስቸግርሽ?» አሏት። እኛም በየሳምንቱ እሳቸው ቤት ቡና የምንጠጣ ሰዎች ነን። አንዳችንም አልጠየቅናቸውም።

የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚነሣ ነው። የሚከብደው መጓጓዣው፣ አጅቦ የሚሄደው ሰውና የሚቀረው የቀን ገቢ ነው። ስለዚህ አዋጣን፤ ሁለታችን አብረናቸው ሄድን፤ ሌሎቻችን ደግሞ ልጃቸው ደንበኞቿን እንዳታጣ እንጀራዋን ተራ በተራ ጋገርንላት። ፋሻው ተነሥቶ ቤታቸው ሲገቡ ቀሚሱን አስመጡና «ይህን ያህል ቀይ ነው እንዴ? በእኔ ዕድሜ!» ብለው ሳቁብን። ቀጥለውም «ለእንቁጣጣሽ ልትገዙልኝ ያሰባችሁት ካለ ተዉት። ጎረቤቴም እንደኔው ናቸው፤ እሳቸውን አሳክሙልኝ» አሉ። እንዳሉትም አደረግን። በሕይወታችን ከሰጠነው ስጦታ ሁሉ እናት ራሷ የመረጠችው የመጀመሪያው እሱ ነበር።

እናት ስታርፍ ድንኳን አናጣም። እድሩ ይደርሳል፤ ለሠልስቱም ለተዝካሩም ተበድረን እንኳ እንደግሳለን። ይህን የምንለው እድርን ለመንቀፍ አይደለም፤ በክፉ ቀን ያቆመን እሱ ነው። ነገር ግን ለቀብሯ የደረስነውን ያህል ለመነጽሯ፣ ለጥርሷ፣ ለጉልበቷ ሕመም ደርሰናል ወይ? ይህን ጥያቄ እርስ በርሳችን ተጠያይቀን የኮራነው ጥቂቶች ነን።

ዛሬ የምናከብረው ቀን ራሱ መነሻው የእንደኛ ዓይነት ሴቶች ሥራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ አን ሪቭስ ጃርቪስ የምትባል እናት ሴቶችን በክበብ አደራጅታ ነበር። የክበቦቹ ሴቶች ንጽሕናን ያስተምሩ፣ ለድሆች መድኃኒት መግዣ ያዋጡ፣ እናት የታመመችበትን ቤት ሥራ ያግዙ ነበር። እሷ እ.ኤ.አ. በ1905 አረፈች። ልጇ አና ጃርቪስ እ.ኤ.አ. በ1908 በእናቷ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን የእናቶች ቀን በዓል አዘጋጀች፤ እናቷ የምትወደውንም ነጭ አበባ ላከች። ቀኑ እ.ኤ.አ. በ1914 በአገሪቱ ፕሬዚዳንት ታወጀ። በኋላ ግን ነጋዴዎች ቀኑን የአበባና የካርድ ገበያ ሲያደርጉት አና አምርራ ተቃወመች፤ ለብዙ ዓመታትም ታገለቻቸው። አበባ መስጠት ነውር አይደለም። አበባው የእናቲቱን ሥራ ሲያስረሳ ግን ልጅቷ ብትቆጣ አይፈረድባትም።

ስለዚህ እኛ ሦስት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ እናትን «ምን ልግዛልሽ?» አንላትም። መልሷን እናውቀዋለን፤ «ምንም፣ እናንተ ብቻ ኑሩልኝ» ነው። ይልቁንስ አንድ ቀን አብረናት ውለን የትኛው ሥራ እንደሚያደክማት እናያለን። ሁለተኛ፣ ከሳምንታዊ ቁጠባችን ሌላ፣ እያንዳንዳችን አቅማችን የፈቀደውን ያህል «የእናት ሣጥን» ውስጥ እንጨምራለን፤ ሣጥኑ የሚከፈተው ለሕያዋን ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ በእናታችን ስም ስንረዳ፣ ለማን እንደሚሰጥ እሷ ትመርጣለች። የሚረዱትንም እናቶች ዘይት አስይዘን ፎቶ ለማንሣት አናሰልፍም። የእነሱም ልጆች ያያሉ።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ከእናንተም የምንለምነው ይህንኑ ነው። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ጠይቋቸውና በምርጫቸው ስጡ። ካረፉም በሕይወት ሳሉ ለሰው ምን ይሰጡ እንደነበር አስታውሱ። አራስ ይጠይቁ ከነበረ ለአንዲት አራስ የገንፎ እህልና ቅቤ ላኩ፤ ተማሪ ያበሉ ከነበረ አንድ ተማሪ አብሉ። የእጃቸው ሥራ ከእሳቸው ጋር አይቀበር።

እኚያ እናት ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ቀይ ጥለት ያለውን ቀሚስ ለብሰዋል፤ ከአጠገባቸውም ጎረቤታቸው አሉ። እናቶቻችንን ያቆይልን።