ሆድ ሲነፋ፣ አንጀት ሲዘጋ
(በማታ ትምህርት ጣቢያ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ንባቡን ትንሽ እናቆየውና ስለ ሆድ እንነጋገር። የምናገረው በዚሁ መንደር አባት ላይ ስለ ደረሰ ነገር ነው። እሳቸውም እፊቴ ተቀምጠዋል፤ እንድናገር ፈቅደውልኛል። ስማቸውን ግን አልጠራም።

ነገሩ የሆነው በአጨዳ ሰሞን ነው። ከእምብርታቸው በታች፣ በቀኝ በኩል፣ መጣ ሄደት የሚል ሕመም ለወራት ይዟቸው ነበር። አንድ ሌሊት ቁርጠቱ ባሰባቸው። ጠዋት ስደርስ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ አረንጓዴ ውሃ ያስመልሳቸዋል። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ሁሉን ያውቃል ይባላል መሰለኝ። የማጠናው እኮ ጂኦግራፊ ነው! አላውቅም ማለት አፈርኩና፣ «ኮሶ ይሆናል፣ መድኃኒቱን ይጠጡ» አልኩ። ጠጡ። ወዲያው አስመለሱት እንጂ በኋላ እንደተረዳሁት ልገድላቸው ነበር።

ከቀትር በኋላ ባለቤታቸው ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ እሳቸው እኮ ከትናንት ጀምሮ ውጭ አልወጡም፤ ፈስ እንኳ አልወጣቸውም» አሉኝ።

ፈስ ስል ከኋላ የሳቃችሁ አላችሁ። ሳቁ ግድ የለም። ሆስፒታል ስንደርስ ግን ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን ይህንኑ ነው። እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት፣ ማስመለስ፣ የሆድ መነፋት፣ የሰገራና የፈስ መከልከል፤ እነዚህ ሲገናኙ አንጀት ተዘግቷል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

በቃሬዛ ተሸክመን አራት ሰዓት ተጉዘን ነው መኪና መንገድ የደረስነው። ሆስፒታል ራጅ ተነሡ። በክንዳቸው ግሉኮስ ገባ፤ በአፍንጫቸው ወደ ጨጓራ የተላከው ቀጭን ቱቦ ያጠራቀሙትን ፈሳሽ ይቀዳ ጀመር። ሐኪሙ «ምን ሰጣችኋቸው?» አለ። ኮሶ አልኩት። ተቆጣ። አንጀት የመስኖ ቦይ ማለት ነው። ቦዩ በድንጋይ ሲደፈን ከላይ ያለው ውሃ ይቆለላል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ኮሶም ሆነ የጉሎ ዘይት፣ ድንጋዩን አያነሣም፤ ውሃውን ይገፋል እንጂ። ቦዩ ይጥሳል። የተወጠረ አንጀት ደም ሳይደርሰው ይቀርና ይጠቁራል፤ ይበሳል። ያን ጊዜ ሰገራው ሆድ ውስጥ ይፈስሳል።

በአገራችን አንጀት ከሚዘጉት ነገሮች ዋነኛው አንዱ የአንጀት መታጠፍ ነው። የሳቸው ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ሜትር ያህል የሚሆነው ቀጭኑ አንጀት ከትልቁ አንጀት ጋር የሚገናኘው በቀኝ በኩል፣ ከእምብርት ዝቅ ብሎ ነው። እመገናኛው አጠገብ ጣት የምታህል፣ ጫፏ የተደፈነ ከረጢት ተንጠልጥላለች። ትርፍ አንጀት የምንላት እሷ ናት። እሷ ላይ እጢ በቅሎባቸዋል። እጢው አፏን ሲዘጋው ውስጧ የሚመነጨው ልጋግ መሳይ ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ይነፋታል። ካርል ሮኪታንስኪ የተባለ ሐኪም ይህን ዓይነት እብጠት በ1842 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥምም አይደለም፤ ተቆርጠው ከሚወጡ 100 ትርፍ አንጀቶች እጢ የሚገኘው በአንዱ ያህል ላይ ነው። የሳቸው አድጎ ከቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ጋር ተጣበቀ፤ ጎተተው፤ አጠፈውና ዘጋው። ያ የወራት ሕመም እሱ ነበር።

በኦፕራሲዮን ሲወጣ እንዳይፈነዳ ብዙ ጥንቃቄ ተደርጓል። ከፈነዳ ልጋጉ በሆድ ውስጥ እንደ ዘር ይበተንና እየበቀለ ሌላውን አንጀት ያንቀዋል። ስለዚህ ከተጣበቀው አንጀት ጋር አብረው ቆርጠው አወጡትና ጫፍና ጫፉን ሰፉት። ቁራጩም ነቀርሳ እንዳለበት እንዲመረመር ተላከ። ነቀርሳ አልተገኘበትም፤ ሆኖም በየጊዜው ተመልሰው እንዲታዩ ታዘዋል።

አባታችን፣ ቀጠሮዎ የፊታችን ወር ነው፤ አብሬዎት እሄዳለሁ። ቃሬዛው እድር ቤት ተቀምጧል፤ ጠፍሩ ግን በዚያ ጉዞ ላልቷል። ነገ ከሥራ በኋላ የሚችል ይምጣና እንጠፍረው። አሁን መጽሐፋችሁን ግለጡ።