ቀለም አይጠግንም
(በዕድራችን ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ሙያዬ አናጢነት ነው። ላንጋኖ ዳር ለዓመታት ተገልብጣ የኖረች የሸራ ጀልባ ገዝቼ እንደጠገንኩ ታውቃላችሁ። አሁን ደግሞ የሠፈራችን ልጆች «እኛም አንድ አሮጌ ጀልባ አግኝተናል፤ አሳየን» ብለውኛል። ስለዚህ ከራሴ ስህተት ልጀምር።

መጀመሪያ ሳያት የጎደላት ቀለም ብቻ መሰለኝ። ስንጥቁን በስቱኮ ደፈንኩ፤ ሁለት ጊዜ ቀባኋትና ከእህቴ ልጅ ጋር ወጣሁ። ብዙም ሳንርቅ ውሃው ከእግራችን ሥር ፈለቀ። ልጁ ዋና አይችልም። ጀልባዋ እንጨት በመሆኗ ውሃ ሞልታም አልሰጠመችም፤ ጠርዟን ሙጭጭ አድርገን ይዘን ሳለ ዓሣ አጥማጆች ደረሱልን። ላንጋኖ ጥልቀቱ ከ45 ሜትር በላይ የሚደርስበት ቦታ አለ። ያን ማታ የእህቴን ዓይን ማየት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ከሥሩ ጀመርኩ።

አንደኛ፣ ቀለሙን ሁሉ ፍቄ ጣውላውን በወስፌ ወጋሁ። ጤነኛ እንጨት ወስፌ አያስገባም፤ የበሰበሰ ግን እንደ ዳቦ ይበሳል። የበሰበሰውን ቆርጬ ከፈረሰ ቤት የተገኘ የጥድ ጣውላ ተካሁበት። ጥድ መበስበስንም ምስጥንም ይችላል። ዝግባ ለመላግ ይመቻል እንጂ እርጥበት ቶሎ ይጎዳዋል።

ሁለተኛ፣ የዛገ ምስማር ዙሪያውን ያለውን እንጨት ያበላሻል። አውጥታችሁ ዚንክ የተቀባ ቪቴ አስገቡ። ጥድ ስለሚሰነጠቅ አስቀድማችሁ በትራፓኖ ብሱት።

ሦስተኛ፣ መጋጠሚያው ነው። አረቄ የሚያወጡ እናቶቻችን እንፋሎት እንዳያመልጥ መጋጠሚያውን ይለስናሉ፤ ማሰሮውን ሁሉ አይለስኑም። ጀልባም ብዙ ጊዜ የምታፈሰው በመጋጠሚያዋ ነው። በጣውላዎቹ መካከል የጥጥ ገመድ ጠቅጥቁ፤ በላዩ ስቱኮ ይግባ። ግን ከልክ በላይ አታጥብቁት። ደረቅ ጣውላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ቦታ ካጣ ይፈነቀላል። የጣና ሰዎች ከደንገል የተሠራ ታንኳቸውን ፀሐይ ላይ ያደርቃሉ፤ የጣውላ ጀልባን ግን ብዙ ፀሐይ ይሰነጥቃታል።

አራተኛ፣ የሸራውን ስፌት እዩ። ጨርቁ ደህና ሆኖ ክሩን ፀሐይ በልቶት ይሆናል። በእጅ ሲስቡት ከተበጠሰ ሁሉም እንደገና ይሰፋ። ምሰሶውን የሚይዘው ሽቦም አንድ ዘለላው እንኳ ከተበጠሰ ይለወጥ።

በመጨረሻ ሰው ሳይገባባት ዳር ላይ ታስራ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ትቆይ። መጀመሪያ ታፈሳለች፤ ጣውላው ሲያብጥ ይቀንሳል። ካልቀነሰ አልዳነችም ማለት ነው። ከዳነችም በኋላ መውጣት ጠዋት ነፋሱ ሳይበረታ ነው፤ የሕይወት አድን ጃኬትና ባልዲ ሳይያዝ አይሆንም። ጀልባ ከተገለበጠች ደግሞ እሷኑ ይዞ መቆየት እንጂ ለመዋኘት መልቀቅ አይገባም።

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቹ ያገኟትን ጀልባ አይቻታለሁ። ቀለሟ አምሯል። ሆዷን በወስፌ ብወጋው ግን ሦስት ቦታ ገባልኝ። ሳትጠገን እንዳይወጡባት አደራ። ልጆቹንም አትቆጧቸው፤ ሥራ ፈጥረው ነው። መሣሪያውና ጉልበቱ ከእኔ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደጄ ይምጡ። የጎደለን ጣውላ ነው። አሮጌ የጥድ ጣውላ ያላችሁ ብትለግሱን የልጆቻችንን ነፍስ አተረፋችሁ ማለት ነው።