ከቀብር በኋላ የመጣ መዝሙር



ዛሬ ስለ አንድ መዝሙር ላወራችሁ ነው። ቶማስ ዶርሲ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የሰባኪ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ግን “ጆርጂያ ቶም” እየተባለ በየጭፈራ ቤቱ ብሉዝ ይጫወት ነበር። በኋላ ያንኑ ጣቱን ለጌታ ሰጠ። ብዙ የቺካጎ አብያተ ክርስቲያናት መጀመሪያ ላይ ዜማውን “ዓለማዊ ነው” ብለው ገፉት። (ይህቺ ንግግር እኛም ዘንድ አትጠፋም!)

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1932 ነፍሰ ጡር ሚስቱን ኔቲን ቺካጎ ትቶ፣ ሴንት ሉዊስ ለመነቃቃት ጉባኤ ሄደ። እዚያ እያለ ቴሌግራም መጣለት፤ ሚስቱ በወሊድ ሞታለች። የወለደችው ወንድ ልጅም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። እናትና ልጅ በአንድ ሣጥን ተቀበሩ።

እስቲ አስቡት ወገኖቼ! ሰውዬው የሄደው ለጌታ ሥራ ነው። ለጭፈራ ሄዶ ቢሆን ኖሮ እኛ ምክንያቱን ወዲያው እናገኝለት ነበር። ዶርሲ ራሱ እንደ መሰከረው፣ እግዚአብሔር የበደለው መሰለው፤ ወደ ብሉዙም ሊመለስ አሰበ። ከቀናት በኋላ ከአንድ ወዳጁ ጋር ሆኖ ፒያኖ ፊት ተቀመጠ። ጣቶቹ አንድ የቆየ የመዝሙር ዜማ ነኩ፤ ቃሉም መጣ። “ውድ ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝ” የተባለው መዝሙር ይህ ነው። ለምን ሞቱ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። የደከመ ሰው ልመና ነው።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሜምፊስ ውስጥ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ ሙዚቀኛውን ቤን ብራንችን ማታ ስብሰባው ላይ ይህንኑ መዝሙር አሳምሮ እንዲጫወትለት ለመነው። ወዲያው ጥይት መታው። በቀብሩ ዕለት ማሄሊያ ጃክሰን ዘመረችው።

እኔ ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በወጣሁ ሰሞን፣ ልጇን የቀበረች እናት ቤት ገብቼ “እህቴ፣ አማኝ እንዲህ አያለቅስም” አልኳት። ጥቅስ ሞልቶኝ ነበር። ዝም አለች። እኔም የተጽናናች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ተቀምጠዋል፤ ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ይህን የምትሰሚ፣ በልብሽ እግዚአብሔርን እየወቀስሽ ያለሽ እህቴ ሆይ፣ ወቀሳሽን ለእርሱ ለራሱ ንገሪው። መዝሙር ባይመጣልሽም እጅሽን ዘርጊ። አሁን ባለንበት ሆነን አብረን እንጸልይ።