ጠገራ ብራችሁን አትፈትጉት

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ጠገራ ብር ነው። ከአያት የተረፈ አንድ ሁለት ጠገራ በየሣጥኑ አይጠፋም።

አሁን ቁጥር ታነባላችሁና ንስሩ ያለበትን ፊት እዩ። 1780 ይላል። ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ታዲያ ያን ጊዜ ተሠራ ማለት ነው? አይደለም። ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ሞተች። ከዚያ በኋላ የተመታውም ያንኑ ቁጥር ይዟል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ዕድሜውን አይነግረንም።

አባቶቻችን የንግሥቲቱን ዕንቁ ሳያዩ ጠገራ አይቀበሉም ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ይህን መመርመር ሙያ አድርገውታል። ቀድሞ ነጋዴው ሲሸጥ «አዲስ ነው»፣ ሲገዛ «ያረጀ ነው» እያለ ሰው ይጎዳ ነበር። በ1986 ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ.፣ በ1987 ኤን.ጂ.ሲ. የሚባሉ መርማሪ ድርጅቶች ሥራ ጀመሩ። ባለሙያዎቹ ገንዘቡን በማጉያ መነጽር አይተው ከ1 እስከ 70 ነጥብ ይሰጡታል። እንከን የሌለው 70 ያገኛል። ከዚያም በጠራ ፕላስቲክ ይታሸጋል።

የተፈተገና ለአንገት ጌጥ የተበሳ ግን በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። እንግዲህ በአመድም በሎሚም አትፈትጉት። ጥቁረቱን ተዉት።

ያልጎደለ ጠገራ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ገዥ ቢመጣባችሁ በፊታችሁ ይመዘን። ሚዛኑንም እሱ አያንብብላችሁ፤ ራሳችሁ አንብቡት።